58 ሲደመር 58፣ 61

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብሎካችን ጀርባ አርባ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሁለት ወፍጮ ያለው ወፍጮ ቤት ተከፍቷል። ባለቤቱ መብራት ሳይሄድበት ለመፍጨት ብሎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። በረንዳ ላይ ቆሜ በስልኬ አፕ ለካሁት። አንዱ ሲሠራ 58 ዴሲቤል፣ ሁለቱም ሲሠሩ 61 አለኝ። ‹ቢያንስ እስኪነጋ አንዱን አቁምልን› ብለው ‹ለሦስት ዴሲቤል ነው እንዲህ የምትጨነቀው?› አለኝ። ለመሆኑ 58 እና 58 እንዴት 61 ይሆናል? አፑ ተበላሽቶ ነው? ሌላው፣ ወፍጮው ቆሞም ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ እምምም የሚል ድምፅ አለ። አፑ 34 ብቻ ነው የሚያሳየው። ባለቤቴ አትሰማውም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ደግሞስ ቀን የማይሰማው የፈጣን መንገዱ ሲኖትራክ ንጋት ላይ በራችን ላይ ያለ የሚመስለው ለምንድን ነው? ይህን ሁሉ ቁጥር ይዤ ወረዳ ብሄድ ያዋጣኛል?»

ጥያቄዎ አንድ መስሎ አራት ነው። ከቀላሉ ልነሳ። አፕዎ አልተበላሸም። በዚህኛው ጉዳይ እንዲያውም ጎሽ የሚያሰኝ ሥራ ነው የሠራው።

ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አየሩ ሁላችንንም በ78 ሺህ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጫነናል። ባሕር ዳርቻ ላይ ብንኖር 101 ሺህ ይሆን ነበር። ድምፅ ሲመጣ ይህ ግፊት በጣም በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ምን ያህል በጥቂቱ? ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ይህ የ0.02 ፓስካል መዋዠቅ ነው። ከጠቅላላው የአየር ግፊት ጋር ሲተያይ ከአራት ሚሊዮን አንዱ ገደማ ማለት ነው። ጤነኛ ጆሮ ከዚህም በሺህ እጥፍ ያነሰውን ይሰማል፤ 20 ማይክሮፓስካልን። በሌላው ጫፍ 20 ፓስካል ሲደርስ ጆሮ ማመም ይጀምራል። ከታች እስከ ላይ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ነው። ድምፁ የተሸከመው ጉልበት ደግሞ ከግፊቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በጉልበት ሲሰላ ልዩነቱ አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ዜሮ እየደረደሩ መሥራት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካው የቤል ስልክ ኩባንያ መሐንዲሶች በሽቦ ላይ የሚባክነውን ምልክት ለመቁጠር የሎጋሪዝም መለኪያ አበጁ። ዴሲቤል ከዚያ መጣ። የድምፅ ሰዎች ከስልክ ሰዎች ነው የተዋስነው።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ዴሲቤል እንደ ስኳር በኪሎ የሚሰፈር ነገር አይደለም። ንጽጽር ነው። «ይህ ድምፅ ከ20 ማይክሮፓስካል በስንት እጥፍ ይበልጣል?» ለሚለው የሚሰጥ መልስ ነው። ስለዚህ ሁለት ወፍጮ አብረው ሲሠሩ የሚደመረው ጉልበታቸው እንጂ ቁጥራቸው አይደለም። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ በ3 ይጨምራል። አሥር እጥፍ ሲሆን በ10፣ መቶ እጥፍ ሲሆን በ20። 58 እና 58፣ 61 ሆነ። አያድርገውና ሰውየው አሥር ወፍጮ ቢተክል 68 ይሆናል።

ድምፆቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 61 እና 55 አንድ ላይ ሲሰሙ 62 እንኳ በጭንቅ ነው የሚሞሉት። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይጠፋል ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጩኸት ባለበት ቦታ ትንሹን ማስቆም ልፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ትልቁን ማደን ነው።

ወደ ባለ ወፍጮው እንመለስ። ሰውየው ግማሽ እውነት ይዟል። በጉልበት ካየነው አንዱን ወፍጮ ማቆም ድምፁን ለሁለት መክፈል ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ጆሮ ግን እንደዚያ አይቆጥርም። የ3 ዴሲቤል ልዩነት «ቀነሰ መሰለኝ» የሚያሰኝ ነው እንጂ «ተገላገልኩ» የሚያሰኝ አይደለም። ሰው «በግማሽ ቀነሰልኝ» የሚለው ቁጥሩ በ10 ገደማ ሲወርድ ነው። እና እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዱን አቁምልን ብሎ መለመኑ ትልቅ ውለታ ተጠይቆ ትንሽ ነገር የሚገኝበት ነው። ሰውየው ገቢው በግማሽ ይቀንሳል፤ እርስዎም እንደነቁ ይቀራሉ።

የሚሻለው ሌላ ነገር መጠየቅ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚጮኸው አንድ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ያጉረመርማል፣ ሞተሩና ቺንጋው ያፏጫሉ። ከሁሉም በላይ እህሉ የሚፈስበት ላሜራ እንደ ከበሮ ይመታል። ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ቀን ገብተው ወፍጮው እየሠራ መዳፍዎን ላሜራው ላይ ይጫኑ፤ ከቺንጋው ብቻ ይራቁ። ድምፁ ከተለወጠ ጥፋተኛው ላሜራው ነው ማለት ነው። ያረጀ ከመነዳሪ ቆርጦ በማጣበቂያ መለጠፍ ብዙ ያስታግሰዋል። ጎማው ክብደት ይጨምርበታል፣ መርገብገቡንም ያፍናል። ሁለተኛው በሩ ነው። በሩ ወደ እናንተ ብሎክ ከሆነ የሚከፈተው፣ ንጋት ላይ እሱን ዘግቶ በሌላ በኩል መሥራት አንዱን ወፍጮ ከማቆም በላይ ሊጠቅም ይችላል። ቆርቆሮ ግድግዳ ደካማ ነው፤ ከተከፈተ በር ግን ይሻላል።

መቼም ከገቡ አይቀር አንድ ነገር ይታዘቡ። ፈጪው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ እርስዎን ለማናገር ከጮኸ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለስምንት ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ነው። ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ ለ88 አራት ሰዓት፣ ለ91 ሁለት፣ ለ94 አንድ ሰዓት ብቻ። ያ 3 ዴሲቤል ለእርስዎ በረንዳ ቀላል ቢመስልም ለፈጪው ጆሮ የግማሽ ቀን ዕድሜ ነው። እርስዎ እንቅልፍ ነው ያጡት፤ እሱ የሚያጣው ጆሮውን ነው፣ ያውም ተመልሶ የማይድን።

አሁን ወደ በረንዳዎ። 61 ያለው አፑ በራሱ አልዋሸም፤ የቆሙበት ቦታ ግን ጨምሮበታል። ድምፅ ከወፍጮው ይመጣና ከኋላዎ ያለውን የብሎኬት ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ማይክሮፎንዎ የሚመጣውንም የሚመለሰውንም ይሰማል። ግድግዳ አጠገብ የሚለካ ድምፅ በዚህ ምክንያት በ3 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ በደንቡ የሚለካው ከግድግዳ ቢያንስ 3.5 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ከወፍጮው በተመሳሳይ ርቀት ላይ ገላጣ ቦታ ፈልገው ቢለኩ 58 አካባቢ ቢያገኙ አይገርመኝም። ይህ ቁጥር በኋላ ወረዳ ስንሄድ ያስፈልገናል።

ሌላው ወፍጮው ሲቆም ያለው ድምፅ ነው። እሱን ለብቻው ይለኩት። 51 ቢሆንና ወፍጮው ሲሠራ 58 ቢያነቡ፣ የወፍጮው የራሱ ድርሻ 57 ነው። ልዩነቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከያም አያስፈልገውም። ልዩነቱ ከ3 ካነሰ ደግሞ የለኩት ወፍጮውን ሳይሆን ሰፈሩን ነው። ባጃጅ ሲያልፍ፣ ውሻ ሲጮህ ያለውንም አይቁጠሩ። ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይለኩና አፑ «ኤልኢኪው» ብሎ የሚያሳየውን አማካይ ይውሰዱ። «ማክስ» የሚለውን ይተዉት። እሱ አንድ ልጅ በር ሲወረውር የተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ስልኩን በተመለከተ አጭር ልበል። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለንግግር ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጣል፣ ንፋስ ሲነካው ይቀባጥራል። ሽፋኑን ያውልቁ፣ ማይክሮፎኑ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ ያድርጉ፣ ክንድዎን ዘርግተው ይያዙ። ናዮሽ ለአይፎን ያወጣው ነፃ አፕ በሁለት ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ይለካል ተብሎ የተፈተነ ነው። አንድሮይድ ላይ ግን የስልኩ ዓይነት ብዙ ስለሆነ በአምስት፣ አንዳንዴም በአሥር ሊስት ይችላል። ጥሩነቱ፣ ስህተቱ በአንድ ስልክ ላይ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ «61 ነው» ለማለት ባያስተማምንም «በ3 ጨመረ» ለማለት ይታመናል።

ትክክለኛው መሣሪያ ከመለካቱ በፊትና በኋላ የታወቀ ድምፅ እየተሰጠው ይፈተሻል። የተለመደው መፈተሻ 1,000 ሄርዝ (በሰከንድ አንድ ሺህ ንዝረት) ላይ 94 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ይህም ልክ አንድ ፓስካል ነው። ፒስተንፎን የሚባል ሌላ ዓይነት መፈተሻም አለ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሽ ፒስተን እየገፋና እየሳበ ነው ድምፅ የሚያወጣው። እና እዚህ ላይ ከፍታችን ጣልቃ ይገባል። ፒስተንፎን የሚያወጣው ድምፅ በዙሪያው ባለው የአየር ግፊት መጠን ነው። ፋብሪካው 124 ብሎ ቢጽፍበትም አዲስ አበባ ላይ ከ2 ዴሲቤል በላይ ያንሳል። አብሮት በሚመጣው የግፊት መለኪያ ማረም ግድ ነው። ይህን ሳያርም መሣሪያውን ያስተካከለ ባለሙያ የወፍጮውን ድምፅ ሁሉ ከ2 ዴሲቤል በላይ አስበልጦ ያነባል። የሚለካልዎ ሰው በፒስተንፎን ከመጣ ይጠይቁት። ቅር ካለው፣ እሱም አንድ መልስ ነው።

ወደ እምምም እንሂድ። እኔን በጣም የሳበኝ ይኼኛው ነው።

አፕዎ 34 ያለው «ኤ» በሚባል ማጣሪያ አሳልፎ ነው። ቁጥሩ አጠገብ «ዲቢኤ» የሚል ይኖራል። ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1933 ሰዎችን እያስደመጡ ለክተው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ እንደሚቀር በመስመር ሥለው አሳዩ። የኤ ማጣሪያ የዚያ ልጅ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብሎ ይቀንሳል። 100 ሄርዝ ላይ 19 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 50 ሄርዝ ላይ 30። ስለዚህ የእርስዎ እምምም 100 ሄርዝ ከሆነ፣ በማጣሪያው 34 ያለው በእውነቱ 53 ነው። ማጣሪያው ለመንገድና ለፋብሪካ ጩኸት በቂ ነው። ጸጥ ባለ መኝታ ቤት ውስጥ ለብቻው ለሚያጉረመርም አንድ ወፍራም ድምፅ ግን የተበዳዩን ወገን አይይዝም።

አፑ ላይ ኤ የሚለውን ወደ ሲ ይቀይሩት። የሲ ማጣሪያ ወፍራሙን ድምፅ እንዳለ ያሳልፋል ማለት ይቻላል። ሲ ከኤ በ15 ወይም በ20 ዴሲቤል ከበለጠ፣ ችግሩ ወፍራም ድምፅ ነው። ስልክዎ ወፍራሙን የሚቆርጥ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱ በእውነት ካለው አንሶ እንደሚታይ ልብ ይበሉ።

ከየት ይመጣል? ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ትራንስፎርመር ነው። መብራታችን 50 ሄርዝ ነው። የትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት በማግኔቱ ምክንያት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ 50፣ 100። ስለዚህ ትራንስፎርመር በአገራችን የትም ቦታ ሆነ 100 ሄርዝ ላይ ነው የሚያንጎራጉረው፤ ከላዩም 200 እና 300 ይጨምርበታል። ሰፈሩ መብራት ብዙ ተጠቀመ አልተጠቀመ ይህ ድምፅ ብዙም አይለወጥም። ቀን በሌላው ጩኸት ይሸፈናል እንጂ ያው ነው። ሁለተኛው ምድር ቤት ያለው የውሃ ፓምፕ ነው። ውሃ በፈረቃ ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር ፓምፑም ሌሊት ነው ወደ ሮቶው የሚገፋው። የፓምፕ ሞተር ብዙ ጊዜ በደቂቃ 2,900 ገደማ ይዞራል፤ 48 ሄርዝ መሆኑ ነው። ድምፁ በአየር ሳይሆን በቧንቧውና በኮለኑ ነው የሚወጣው። ጆሮዎን ግድግዳው ላይ ሲለጥፉ ከጎላ፣ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ሦስተኛው የራስዎ ፍሪጅ ነው። ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ ግን በየጊዜው እየጠፋ የሚመለስ ድምፅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይንቀሉት።

ለዚህ ምርመራ የሚሆን ምርጥ መሣሪያ ያለን እኛ ነን፤ መብራት ይጠፋል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ተነስተው ያዳምጡ። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ከሦስቱ አንዱ ነው። ካልጠፋ ራቅ ያለ ጀነሬተር ነው፣ ወይም ከውጭ ሳይሆን ከጆሮ የሚመጣ ድምፅ ነው። የኋለኛው ብርቅ አይደለም፤ ሐኪም ማየት አለበት። በሌላ ሌሊት ደግሞ ድምፁ እያለ የራስዎን ቆጣሪ ያጥፉ። ፍሪጁ ከሆነ ያኔ ይለያል።

ባለቤትዎ የማይሰሙትስ? እርስዎ አላበዱም፤ እሳቸውም ጆሯቸው አልደከመ ይሆናል። 100 ሄርዝ ያለው ድምፅ አንድ ሞገዱ 3.4 ሜትር ይረዝማል። መኝታ ቤትዎ ደግሞ ወደዚያ ቢጠጋ አይደንቅም። እንዲህ ሲሆን ሞገዱ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ባለበት ይረጋል። ግድግዳው አጠገብና ክፍሉ መሐል ላይ ይጮኻል፤ ከግድግዳው 85 ሳንቲሜትር ራቅ ሲሉ ግን ሊጠፋ ይደርሳል። የእርስዎ ትራስ ግድግዳው ጋ፣ የእሳቸው ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢሆን፣ ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት። ሌሊት ይሞክሩት። ጭንቅላትዎን ከግድግዳው ቀስ እያሉ ያርቁ። ድምፁ ከቀነሰ፣ ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ማስረጃ አገኙ። አልጋውን መሳብ ብር አያስወጣም።

እግረ መንገዴን፣ የእንቁላል ካርቶን ወይም ስፖንጅ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ አሉ። ለዚህ አይጠቅምም። ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ይመጥጣል እንጂ ከውጭ የሚገባውን አያግድም። የሚያግደው ክብደት ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከክብደትም በፊት ቀዳዳ መድፈን ይቀድማል። ከመስኮቱ ስፋት አንድ በመቶው ክፍት ከሆነ፣ የቀረው የፈለገ ይወፍር፣ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከላከልም። አሥር በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ10 በላይ አይከላከልም። የኮንዶ መስኮት ብረቱ ሲጣመም የሚተወውን ክፍተት ያውቁታል። ጎማ ይግዙለት። ለወፍጮው ይረዳል፤ ለእምምሙ ግን ብዙም ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ወፍራም ድምፅ እንዲህ በቀላሉ አይታገድም።

ሲኖትራኩ አጠገብዎ የሚመስለው ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ሌላው ግን አየሩ ራሱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰከንድ 331 ሜትር ይሄዳል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.6 ሜትር ይጨምራል። (ከፍታ ፍጥነቱን ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ አይቀንስም። ከፍ ሲሉ ግፊቱም የአየሩ ክብደትም አብረው ስለሚወርዱ ይጣፋሉ። ወሳኙ ሙቀት ነው።) ቀን መሬቱ ሲግል ከታች ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞገዱ የታችኛው ክፍል ይፈጥንና ሞገዱ ወደ ሰማይ ይታጠፋል። መንገዱ ከእርስዎ ራቅ ካለ ድምፁ ከጭንቅላትዎ በላይ ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲጠና ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቅና ከታች ያለው አየር ከላይኛው በላይ ይቀዘቅዛል። በተለይ እንደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ባለው ሜዳ ላይ ቀዝቃዛው አየር ይተኛል። ያኔ የላይኛው ክፍል ይፈጥንና ድምፁ ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ሕንፃና ዛፍ ተሻግሮ ይወርዳል። የጅቡ ድምፅ ሌሊት ከጓሮ የመጣ የሚመስለውም በዚሁ ነው።

የመንገዱ ቅርጽም ይጨምርበታል። ወፍጮ አንድ ቦታ ላይ ያለ ነጥብ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ግን ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ የሚዘረጋ መስመር ነው። በመኪና ሲሞላ ርቀቱ እጥፍ ሆኖ የሚቀንሰው 3 ብቻ ነው። ከወፍጮ መሸሽ ይቻላል፤ ከመንገድ መሸሽ ግን ብዙ ኪራይ ቤት መቀያየር ይፈልጋል።

ወረዳውስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። እሱን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የተዘጋጀው የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲቢኤ ያስቀምጣል። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

አሁን ሂሳቡን ይዩት። በገላጣ ቦታ ሁለቱ ወፍጮዎች 58 ከሆኑ፣ አንዱ ብቻውን 55 ነው። ቀን ላይ አንድ ወፍጮ ልክ ጠርዙ ላይ ቆሟል። በአንድ ዴሲቤል ላይ መከራከር ደግሞ በስልክ አይሆንም፤ ያሸንፍዎታል። 11 ሰዓት ላይ ግን ሌሊት ነው። ወሰኑ 45 ነው። አንድ ወፍጮ ብቻውን ቢሠራ እንኳ በ10 ያልፋል፤ ሁለቱ በ13። በተለይ የሁለቱን 13 የስልክ ስህተት ነው ብሎ ማጣጣል ይከብዳል። አቤቱታዎን የቀኑ ላይ ሳይሆን እዚያች አንድ ሰዓት ላይ ያቁሙት። የስልኩ ቁጥር ማስረጃ ሆኖ አይቆምም፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ ለማሳመን ግን ይበቃል። ሲመጡ በ11 ሰዓት ይምጡ ይበሉ። በአራት ሰዓት መጥተው ለክተው «ደህና ነው» ብለው እንዳይሄዱ።

ሰፈሩ በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለቅይጥ የተመደበው? እሱን አስቀድመው ያጣሩ። ቅይጥ ተብሎ በንግድ አካባቢ ልክ ከታየ የሌሊቱ ወሰን 55 ይሆንና ክርክሩ እንደገና ጠርዝ ላይ ይወድቃል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ወረዳ ከመሄዴ በፊት ከመነዳሪውንና የበሩን ነገር ይዤ ባለ ወፍጮውን አንድ ጊዜ አናግረው ነበር። 12 ሰዓት ላይ ጀምር ማለት አንዱን አቁም ከማለት ይቀላል። የእምምሙን ነገር በተመለከተ የኤ እና የሲ ንባቡን፣ የክፍሉን ርዝመትና መብራት ሲጠፋ የሆነውን ይጻፉልኝ። በተለይ ሲው ከኤው በስንት እንደሚበልጥ።